«ሲቪል» የሚባለው ቃል በአገራችን፤ ትርጉሙና አገባቡ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ መራዊን አልፎ ግልገል ዓባይን ከተሻገሩ በኋላ፣ የዱርቤቴ ከተማ ይገኛል። የደቡብ አቸፈር ባላገር ገበያ የሚወጣውም፣ ዳኝነት የሚጠይቀውም እዚያ ነው። እኛም በፍርድ ቤት የሚነገሩ አንዳንድ ቃላት በባላገሩ አንደበት ምን ትርጉም እንደሚሰጣቸው ለመስማት ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠባበቁ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ «አባታችን፣ ሲቪል ማለት ምን ማለት ነው?» ስንል ጥያቄ አቀረብንላቸው። እርሳቸውም ብዙ ሳያስቡ «ሲቪልማ ልብሱን ለውጦ የመጣ ፖሊስ ነዋ!» አሉን። በአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ማስታወሻችንን ስናገላብጥ ግን መልሳቸው የሚያስቅ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ቃሉ በመጣበት አገር ትርጉሙ ወታደርም ፖሊስም ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ታዲያ ከጦር መሣሪያ የራቀውን ሰው እንዲያመለክት የተበጀ ቃል በምን መንገድ ተጉዞ ነው አቸፈር ሲደርስ የተሸሸገ ታጣቂ መጠሪያ የሆነው?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የቃሉን ትውልድ መመልከት ይገባል። ሮማውያን የከተማቸው ባለመብት የሆነውን ሰው «ኪዊስ» ይሉት ነበር፤ እኛ ዛሬ ዜጋ እንደምንለው ማለት ነው። ከዚሁ ስም የወጣው ቅጽል በፈረንሳይኛ በኩል በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገባ። እንግሊዞችም ቃሉን ለብዙ ሥራ አዋሉት። ከቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ለይተው ዓለማዊውን ሲቪል አሉት፤ ከወንጀል ለይተው በሰውና በሰው መካከል ያለውን የገንዘብ፣ የርስትና የጋብቻ ክርክር ሲቪል አሉት፤ ከጦር ሠራዊት ለይተው ሰላማዊውን ሲቪል አሉት፤ በመጨረሻም አንደበቱ የታረመውን፣ ሰው አክባሪውን ሰው ሲቪል ብለው አመሰገኑበት። «ሲቪሊያን» የሚለው ስም እንኳ በመጀመሪያ የሮማን ሕግ የተማረ ሊቅ ማለት ነበር እንጂ ወታደር ያልሆነ ሰው ማለት አልነበረም፤ ይህኛው ትርጉም የጸናለት ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠራበት «ሲቪል ሰርቪስ» የተባለውም ስያሜ የተለመደው በዚያው መቶ ዓመት፣ በህንድ አገር ይነግድ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ጸሐፊዎቹንና ግብር ሰብሳቢዎቹን ከወታደሮቹ ለይቶ ሲጠራበት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው ሲቪል ብቻውን ሲቆም ብዙ የማይናገር ቃል ነው። ባላጋራው ከጎኑ ሲቆም ብቻ ፊቱ ይታያል፤ ካህኑ፣ ወንጀለኛው፣ ወታደሩ ወይም ባለጌው። ዳሩ ግን በእንግሊዝኛ እነዚህን አራት ተቃራኒዎች የሚቋቋመው አንድ ቃል በመሆኑ፣ አንዱ ትርጉም ለሌላው ጥላ ይሰጠዋል። ወታደር ያልሆነው ሰው በቃሉ ውስጥ ጨዋነትንም፣ ዜግነትንም፣ ከተሜነትንም ይዞ ይገኛል።

በእኛ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ለእያንዳንዱ ተቃራኒ የየራሱ ቃል ነበረን። ከቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስንጀምር፣ ፍትሐ ነገሥት ራሱ በሁለት የተከፈለ ነው፤ ከ51ዱ አንቀጽ የመጀመሪያዎቹ 22ቱ መንፈሳዊውን፣ የቀሩት ደግሞ ሥጋዊውን ነገር ይመለከታሉ። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ ያጠናቀረው የቅብጡ ሊቅ አስ ሳፊ ኢብን አል አሳል ሲሆን፣ ለሥጋዊው ክፍል ከሮማና ከቢዛንጥያ ነገሥታት ሕግ የተውጣጡ ድንጋጌዎችን ወስዷል። ስለዚህ የሮማ ሲቪል ሕግ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመድረሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእስክንድርያ በኩል በብራና ተጽፎ ገብቶልን ነበር ማለት ይቻላል። በጋብቻም ቢሆን እንዲሁ ነው። ካህኑ የሚያቆራርበው ቁርባን ሲሆን፣ በሽማግሌና በዋስ ፊት በውል የሚፈጸመው ሰማንያ ነው። በጎጃም እንደ ሌላው ሰሜን ሁሉ ከሕዝቡ የሚበዛው የሚጋባው በሰማንያ ስለነበረ፣ ሲቪል ጋብቻ የሚባለው ነገር ለባላገሩ ስሙ እንጂ ግብሩ እንግዳ አልነበረም።

ከወታደር ወገን ያለው ተቃራኒ ግን ጠለቅ ብሎ መመርመር የሚገባው ነው፤ ችግሩም ያለው እዚህ ይመስለናል። ቀድሞ ከወታደር ጎን ለጎን የሚጠራው ሰው ባላገር ነበር። ባለ አገር፣ የአገሩ ባለቤት ማለት ነው። ሮማዊው ከከተማው ስም እንደተሰየመ ሁሉ ይህም ከአገሩ ስም የተሰየመ ነውና፣ በአሠራሩ ከኪዊስ ጋር የሚተካከል፣ እንዲያውም የሚበልጥ ውብ ስም ነው። የተሰየመው በሌለው ነገር ሳይሆን ባለው ነገር ነውና። ነገር ግን የዚህን ስም ዕድል እንመልከት። ዛሬ በከተማ «አንተ ባላገር!» ከተባለ ስድብ ነው፤ ያልታረመ፣ መንገድ ማቋረጥ የማያውቅ ማለት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዛዊው ሲቪል ብሎ የሚያመሰግነውን የታረመ ሰው እኛ የምንጠራው ጨዋ ብለን ነው። ይህ ጨዋ የተባለው ቃል ከየት መጣ? በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከዚያም በፊትና በኋላ፣ ጨዋ ማለት የንጉሡ ጭፍራ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ የሚሰፍር፣ የየራሱ ስም ያለው የጦር ክፍል ማለት ነበር። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደግሞ ጨዋ የሚባለው ካህን ያልሆነ፣ መጽሐፍ ያልተማረ ሰው ነው። ኋላም የደኅና ሰው ልጅ፣ ምግባሩ የተመሰገነ የሚለው ትርጉም በላዩ ላይ ተደረበ። አንድ ቃል ከጦር ሰፈር ተነሥቶ፣ በምእመናን መካከል አልፎ፣ እስከ መልካም ጠባይ መድረሱ እጅግ የሚያስገርም ነው። እንግሊዞች በአንድ ቃል ያስተሳሰሯቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ወታደር አለመሆንንና ጨዋነትን፣ የእኛ ቋንቋ በሁለት አፋፍ አቆማቸው፤ ምስጋናውን ለወታደሩ ሰጠ፣ ስድቡንም ለባላገሩ።

ይህ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ከተማ የምንለውን ቃል ራሱን ብንመረምር፣ ከተመ ማለት ንጉሡ ወይም መኰንኑ ጦሩን አሳርፎ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ሰፈርም እንዲሁ ከጦር ማረፊያነት ተነሥቶ ነው ዛሬ የምንኖርበት መንደር መጠሪያ የሆነው፤ በአዲስ አበባ በራሶችና በደጃዝማቾች ስም የሚጠሩት ሰፈሮች ምስክር ናቸው። በሮም ዜጋው ከከተማው ተወለደ፤ በእኛ አገር ከተማው ራሱ ከጦር ሰፈሩ ተወለደ። የከተማ ጠባይ ማለት እንግዲህ የሰፈር ጠባይ፣ የጭፍራና የእልፍኝ አስከልካይ ጠባይ ነበር። የማዕረጉም ስም ይህንኑ ይመሰክራል። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ሁሉም በጦር አሰላለፍ ውስጥ የቆሙበትን ስፍራ የሚናገሩ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች ግብር ያስገቡ፣ ርስት ያከራክሩ፣ ሙግት ይሰሙ ነበር። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ጦር ሜዳ ያልዋለ የጽሕፈት ቤት ሰው ሳይቀር ግራዝማች መባልን እንደ ትልቅ ሽልማት ይመኝ ነበር። ሲቪሉ በወታደር ስም ይከበር ነበር ማለት ነው።

ባላገሩ ስለ ወታደር የነበረው ዕውቀት በመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም። ወታደር ሲዘምት በባላገሩ ቤት ይመራል፤ ከባላገሩ ጎተራ ይበላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለጭፍራቸው ደመወዝ ለመስጠትና ዘረፋን ለመከልከል መሞከራቸው ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደነበረ ያመለክታል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በተጣሉ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጎጃምን እንዳጠፋ ሲነገር የሚኖረውም፣ የተጣሉት ሁለት ነገሥታት ሲሆኑ የተዘረፈው ግን የባላገሩ ጎተራና በረት ስለሆነ ነው።

ይህን አሮጌ መደባለቅ ለመለየት የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተደረገው ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ በወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢው በደመወዝ የሚኖር የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሹም ሆነ፤ የራሱ ጦር መያዙም ቀረ። በወረቀት ላይ ሲቪል አስተዳደር ተወለደ። ሆኖም በገጠር ሽፍታ ሲነሣ፣ ፖሊሱም ጥቂት ሲሆን፣ መንግሥት ሌላ ዘዴ አስፈለገው። ስለዚህ ከባላገሩ መካከል ጠመንጃ ያለውን እየመረጠ ነጭ ለባሽ የሚባለውን ጭፍራ አቆመ።

ነጭ ለባሽ! በእኛ አስተያየት በአማርኛ ውስጥ ለእንግሊዝኛው ሲቪል ከሁሉ የሚቀርበው ስም ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚርቀውም ይኸው ነው። ስሙ የሚናገረው ሰውዬው ካኪ እንዳልለበሰ፣ እንደማንኛውም ገበሬ በጋቢውና በኩታው እንደመጣ ነው። ሥራው ግን የወታደር ሥራ ነው። የካኪውና የነጩ ልዩነት የልብስ ብቻ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ሲነሣ፣ መንግሥት በመጀመሪያ ከላካቸው መካከል እነዚሁ ነጭ ለባሾች ይገኙ ነበር። ነገሩ እየከፋ ሄዶ የጦር አውሮፕላን እስከ መታዘዝ ደረሰ። እንግዲህ ገበሬው ፊት ለፊቱ ካለው ነጭ ኩታ በስተጀርባ ጎረቤቱ ይሁን መንግሥት በምን ለይቶ ይወቅ? ለመንግሥትስ ቢሆን ነጭ የለበሰው ሁሉ ገበሬ ይሁን ሸማቂ በምን ይለይለት?

ከዚህ በኋላ ወደ ዱርቤቴው ሽማግሌ መልስ ብንመለስ፣ ቀልዱ ታሪክ ያለው ቀልድ መሆኑ ይታያል። ሲቪል የሚለው ቃል ወደ ገጠር የደረሰው በሕግ መጽሐፍ ሳይሆን በልብስ ነው። «ሲቪል ለብሶ መጣ» ይባላል፤ ይህም የሚባለው ስለ ገበሬ አይደለም፣ ገበሬ ሁልጊዜ ሲቪል ለባሽ ነውና ማንም አይናገርለትም። የሚባለው ዩኒፎርሙን አውልቆ ስለመጣው ነው። ስለዚህ ባላገሩ ቃሉን የሰማው ሁልጊዜ ከፖሊስና ከወታደር ጋር ተያይዞ ነው። ነጭ ለባሽ በወጣበት በር ሲቪል ለባሽ ገባበት።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ በመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች ያሉት ታላቅ ሥራ ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ተርጓሚዎቹም ሲቪል የሚለውን ቃል እንዳለ አላስገቡትም። ፍትሐ ነገሥትን አስታውሰው ፍትሐ ብሔር አሉት። ይህ ምርጫ የሚመሰገን ነው። ብሔር በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ስፍራ ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ማለትም የአገር ሁሉ፣ የዓለም ሁሉ ጌታ ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ፍትሐ ብሔር እንግዲህ የአገር ፍርድ፣ የአገሬው ሕግ ማለት ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ባላገር የሚመራ ቃል ነው። ተርጓሚዎቹ አስበውበትም ይሁን ሳያስቡት፣ በከተማ የተሰደበውን ባለአገር በሕጉ ርእስ ላይ ክብሩን መልሰውለት ነበር።

ክብር ስንል ሌላም ነገር ትዝ ይለናል። ሕጉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ያዝዛል። ይህ በፈረንሳይኛው የሲቪል ሁኔታ መዝገብ የሚባለው ነው። በአማርኛው ግን የክብር መዝገብ ተባለ፤ ያዡም የክብር መዝገብ ሹም ተባለ። ገበሬው ልጁ መወለዱን ማስመዝገቡ የክብር ጉዳይ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚያምር ትርጉም ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሕጉ በመጨረሻው ክፍል መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ድረስ ይቆይ ማለቱ ነው፤ መቆየቱም ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ስሙ ተለውጦ ወሳኝ ኩነት ሆኗል። ወሳኝ ኩነት የሚለው ስም ለቢሮ የሚስማማ ነው፤ ለአራስ ቤት ግን አይስማማም።

የፍትሐ ብሔርም ስም ዕድሉ ከዚህ የተሻለ አልሆነም። ከ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ወዲህ ብሔር የሚለው ቃል አገር ማለቱን ትቶ በቋንቋና በባህል የሚለይ ሕዝብ መጠሪያ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ሌላው ትርጉም ከሕዝቡ ጆሮ ጨርሶ ወጣ። በባንኩ፣ በመዝሙሩና በሕጉ ስም ላይ ብቻ ቀረ። ይህ የቃላት ወዳጆች ቁጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን አንድ ገበሬ ድንበሩ ታርሶበት ወደ ፖሊስ ሲሄድ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል። በአንድ የወረዳ ከተማ የፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ይህንኑ መልስ ተቀብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞን ነበር። «ምን የብሔር ጉዳይ አለበት? ያረሰብኝም አማራ፣ እኔም አማራ!» እያለ ይነጫነጭ ነበር። ነገሩን ሲያብሱበት ደግሞ የሚያቀርበው ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» እንደሚባል ተነገረው። ሁከት በሕጉ ቋንቋ ሰው በያዘው ንብረት ላይ የሚደረግ ጣልቃ መግባት ሲሆን፣ በገበያው ቋንቋ ግን ረብሻና ድብድብ ነው። ድብድብ ከሆነ ደግሞ ለምን ፖሊስ አይመለከተውም? ሰውዬው የይዞታ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ ያደከመው መንገዱ ሳይሆን ሁለት ቃላት ነበሩ።

ስለ ሌሎቹ አገባቦች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲቪል አቪዬሽን፣ ሲቪል መሐንዲስ፣ ሲቪል ሰርቪስ የሚባሉት ከነሙያቸው የመጡ ስሞች ናቸው፤ ማንንም አላስቸገሩም። ሲቪል ማኅበረሰብ የሚለው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ስም ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ዕድሩና ማኅበሩ ከእርሱ በፊት ነበሩ። የውጭ ቃል ገጠር ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም ለማለት ግን አንደፍርም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር መሪ የነበረው ሰው ሁሉ «ቢሮክራት» ተባለ፤ ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ሲፈቀድለት ቢሮክራት የተባለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት። በምዕራብ ጎጃም ይህን ቃል በቀልድ የሚያነሣ ሰው አላገኘንም።

የቀረን ከሁሉ የከበደው አገባብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የምዕራብ ጎጃም አገር ዋና የውጊያ ስፍራ ሆነ። በዚያው ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር ደረሰ በተባለ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። እኛ ልብ እንድንል የሚያስፈልገው ኮሚሽኑ የመረጠውን ቃል ነው፤ «ሲቪል ሰዎች» አለ። ጋዜጣውና ራዲዮው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ንጹሐን ዜጎች» ወይም «ሰላማዊ ሰዎች» ይላሉ።

በጆሮ ሲሰሙት ንጹሐን የሚለው ይሻላል፤ ልብን ይነካል። በሕግ ሲመዝኑት ግን የተለየ ነገር ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጡትና ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሲቪል ሰውን የሚጠብቁት ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ሲቪል የሚባለው የጦር ኃይል አባል ያልሆነ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነትም ጥበቃው የሚቀርበት በውጊያው በቀጥታ ለሚካፈልበት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፕሮቶኮል ደግሞ ጥርጣሬ ሲኖር ሰውዬው ሲቪል ነው ተብሎ ይቈጠር ይላል። ለአንዱ ወገን ማዘን፣ ልጁ ጫካ መግባቱ፣ በልቡ መሸፈቱ ከሲቪልነት አያወጣውም። ንጹሕ የሚለው ቃል ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ «በእርግጥ ንጹሕ ነበርን? እንጀራ አላቀበለም? መንገድ አላሳየም?» ያሰኛል። ሕጉ ገዳዩን ሊጠይቅ ያዘጋጀውን ጥያቄ ይህ ቃል አዙሮ ለሟቹ ያቀርበዋል። እንግሊዝኛው ሲቪል በዚህ ቦታ ደረቅ ቃል ነው፤ ድርቀቱ ግን ጥቅም አለው፤ ስለ ሰውዬው ልብ ምንም አይጠይቅምና።

ሰላማዊ የሚለውም ቢሆን በጎጃም ምድር ሳይመረመር የሚያልፍ አይደለም። እዚህ ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ነው። በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ በሠርግ ይዞት ይሄዳል፣ በለቅሶ ይዞት ይሄዳል፣ ሌሊት ከብቱን ይጠብቅበታል። ጠመንጃ ስለያዘ ብቻ ተዋጊ አይባልም። በየቀበሌው ያለው ሚሊሻም ጠዋት ሞፈር ተሸክሞ የሚወጣ ገበሬ ነው። ነጩ ጋቢ በ1960 ዓ.ም. ያልመለሰውን ጥያቄ ዛሬም አይመልስም፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይም ከታች ሆኖ ለሚያይም ሁሉም ነጭ ለባሽ ነው። በዚህ መካከል ሰውን የሚለይ ቃል ቢኖር የሚያስፈልገው ለቃላት ሊቅ ሳይሆን መሣሪያ ለያዘው ወታደርና ለታጣቂው ነበር። ያም ቃል ለሁለቱም በሚገባቸው አማርኛ እንዲነገራቸው ያስፈልግ ነበር። ባላገር የሚለው ስም ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሠርቶ ነበር፤ ወታደሩም ባላገሩም ያውቁታልና። ለሕጉ ትርጉም እርሱ አለመመረጡ ምናልባት ከተማው ስድብ ስላደረገው ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ከዱርቤቴ ከመነሣታችን በፊት እኒያን ሽማግሌ እንደገና አግኝተን፣ በሕጉ መሠረት ሲቪል የሚባለው ልብሱን የለወጠው ፖሊስ ሳይሆን እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስረዳናቸው። በጸጥታ ሰሙን። «እንግዲያስ እኔ ሲቪል ነኝ በሉኛ?» አሉ። አዎን አልናቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ፣ «ልጆቼ፣ ማታ በሬን የመታው ሰው ማነህ ቢለኝ ሲቪል ነኝ ልበለው? ፖሊስ መስዬው ይተኩስብኛል። ባላገር ነኝ እለዋለሁ እንጂ» አሉን። ወዲያው ስማቸው ስለተጠራ ወደ ችሎቱ ገቡ።